እትዬ ማርሽና የዶሮዎቹ መኪና

እትዬ ማርሽ አሮጌዋን መኪና የገዙት በእልህ ነው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ እሳቸውም አልሸፋፈኑትም። ሰው በእልህ ስንት ነገር ያደርጋል፤ በእልህ የሚያገባ አለ፣ በእልህ የሚፋታ አለ፣ በእልህ አኩርፎ በዚያው የሚያረጅም አለ። እሳቸው ደግሞ መኪና ገዙ። ታዲያ ምን ይጠበስ?

እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። "እትዬ ማርሽ" ብሎ ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩና። ያውም ሴት መሪ ይዛ ሲያይ ከተሳፋሪው ግማሹ በሚስቅበት፣ ግማሹ በሚጸልይበት ዘመን። እትዬ ማርሽ የሳቀውንም የጸለየውንም እኩል እቤቱ አድርሰዋል። ማታ ሲሆን የአውቶቡሱን ቁልፍ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት አስረክበው በእግራቸው ወደ ቤት ይገባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነድተው የኔ የሚሉት አንድ ጎማ እንኳ አልነበራቸውም።

ነገሩ የጀመረው ከመታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ጠዋት እርጥቡ ወለል አንሸራተታቸውና ተዘረሩ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን መነሳት አቃታቸው። ጎረቤት ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ተኙ። እዚያ ተኝተው ፈርተዋል፤ መፍራታቸውን ግን ቢገድሏቸው ለልጆቻቸው አይናገሩም።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በዚያው ሳምንት ሦስቱ ልጆቻቸው ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ተጣልተው አይደለም፣ እንዲያው ሁሉም "ነገ እሄዳለሁ" እያለ ነው። ትልቁ ልጅ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ታናናሾቹ "ወንድም ጋሼ" ይሉታል። ሥራው ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ችግሩ ከሥራ ከወጣም በኋላ ማሰቡን አያቆምም። ተከታይዋ ሶፋ ሰፊ ናት፤ የራሷ ሱቅ አላት። የመጨረሻው በያጅ ነው፤ አግብቶ ወልዶም እናቱ ዛሬም "ትንሹ" ነው የሚሉት።

"ቤቱ ይሸጥ" አለ ትልቁ፣ ገና ሳይቀመጥ። "እማዬ እኔ ጋ ትግባ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ መታጠቢያ ቤቱ የማያንሸራትት ምንጣፍ አለው።"

"እኔን ጠይቀኸኛል?" አሉ እትዬ ማርሽ።

"እማዬ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው!"

ላንቺ ብዬ! አቤት ይቺ ቃል! ስንት ሰው አፉ የተለጎመው በዱላ ሳይሆን በ"ላንቺ ብዬ" ነው። እትዬ ማርሽ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ፤ እሷ መጋረጃውን ታያለች። ወደ በያጁ ዞሩ፤ እሱ ጫማውን ያያል። "እሺ፣ ገባኝ" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ልጆቹ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። እንግዲህ እናታቸውን አያውቋቸውም ማለት ነው።

በሳምንቱ እትዬ ማርሽ የአንገት ሀብላቸውን ሸጡና ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ሄዱ። እዚያ ከጆንያ ክምር ጀርባ አንዲት ጥንታዊ መኪና እንዳለች ከድሮ ጀምሮ ያውቃሉ። ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ጀርባዋ እንደ ዳቦ ጉብ ያለ፣ አረንጓዴ የነበረው ቀለሟ ተልጦ ዝገት የበላት ነበረች። በወጣትነታቸው እንዲህ ዓይነቷን ከአውቶቡሱ መስኮት ቁልቁል ሲያዩ ልባቸው በምኞት ይሸፍት ነበር። አሁን የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

"እትዬ፣ የፈለጉት ዶሮዎቹን ነው ወይስ መኪናዋን?" አለ ባለወፍጮው።

"ዶሮዎችህን ለራስህ ያዝ።"

"ሞተሯ አይዞርም እኮ! ልንገርዎት፣ ኋላ እንዳይወቅሱኝ።"

"የኔም ወገብ አይዞርም። እንግባባለን።"

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ግቢ ስትገባ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆመ። ትልቁ ልጅ ተደውሎለት ከነክራቫቱ እየሮጠ መጣ።

"እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"መኪና ነው። አይተህ አታውቅም?"

"ቆርቆሮ ነው! እኛ ቤት እንሸጣለን ስንል አንቺ ቆርቆሮ ትገዣለሽ?"

"ቤት እንሸጣለን ያልከው አንተ ነህ። እኔ የምሸጠውን ሸጫለሁ።"

የትልቁ ልጅ የአንገት ሥር ተገተረ። በሕይወቱ ተወራርዶ የማያውቅ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ንዴት አናገረው። "እንግዲያው ስሚኝ፣ እማዬ! ይቺ ጉድ ክረምት ሳይገባ በራሷ ጉልበት ከዚህ ግቢ ከወጣች፣ የቤቱን ነገር ሁለተኛ አላነሳም!"

"ካልወጣችስ?"

"ካልወጣች ዕቃሽን ሸክፈሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ።"

እትዬ ማርሽ ወደ ታናናሾቹ ዞሩ። "ሰምታችኋል። ምስክሮች ናችሁ።"

እልኸኛ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም። መኪናዋን ብቻቸውን እንደማይችሏት ያውቃሉ። ደግሞም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ብቻቸውን ሊሠሯት አልፈለጉም። የፈለጉት እነዚህ ሦስት ልጆች ሰው ሳይሞት፣ ሰው ሳይወድቅ፣ እንዲያው በደህናው ቀን እዚህ ግቢ ሲመጡ ማየት ነው። ስለዚህ መኪናዋን ፈታተው እንደ ውርስ አከፋፈሏት። ሁሉም የደረሰውን ቤቱ ወስዶ ይጠግናል፤ እሁድ ከሰዓት ይዞ ይመጣል። ወንበሮቹ ለሶፋ ሰፊዋ፣ በሮቹና የተበሳሳው ወለል ለበያጁ ደረሱ። ሞተሩ በረንዳው ላይ ከእሳቸው ጋር ቀረ።

"አንተ የበኩር ልጅ ነህ" አሉት ትልቁን። "መሪው ያንተ ነው።"

ዙሪያው እንጨት የሆነ፣ ቫርኒሹ የተላላጠ፣ ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ መሪ ነበር። ትልቁ ልጅ "የልጅ ጨዋታ!" ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ታናናሾቹ እያዩት እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደው።

የእትዬ ማርሽ ስህተት ይህች ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ለተወራረደው ሰው የዶሮ ኩስ ያለበትን ምንጣፍ ይሰጠዋል እንጂ መሪ ይሰጠዋል? እሳቸው ግን ሾፌር ናቸው። ለበኩር ልጃቸው ከመሪ የበለጠ ክብር አልታያቸውም።

ሥራው ተጀመረ። ሞተሩ ዝጎ ደርቋል። እትዬ ማርሽ በየቀዳዳው ዘይት እያንቆረቆሩ፣ ማለዳ ማለዳ ረጅም ብረት ጫፉ ላይ ሰክተው ሊያዞሩት ይታገላሉ። ይሰድቡታል፣ ያባብሉታል፣ እንደገና ይሰድቡታል። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "እትዬ፣ አሁን ቢተዉት ምናለበት?" ይላል።

"አንተ ሚስትህን ስትለምን ማን ተው አለህ?"

ሁሉም ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን ብረቱ አምልጦ ቅልጥማቸውን መታቸው። ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያሹ አለቀሱ። ምን ነካኝ አሉ በሆዳቸው፤ በዚህ ዕድሜ ከብረት ጋር ግብግብ! ምናልባት ልጁ ልክ ይሆን? ምናልባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሰው ሻይ ሲያቀርብላቸው መጠጣት ይሻል ይሆን? እንዲህ ሲያስቡ ቆዩና ቤታቸውን ቀና ብለው አዩ። መስኮቱን ራሳቸው ቀለም የቀቡት ቤት ነው፤ ባላቸው የሞተበት አልጋ ያለበት ቤት ነው። እንባቸውን በዘይታማ እጃቸው ሲጠርጉ ፊታቸው ጠቆረ። ተነስተው ብረቱን መልሰው ሰኩት።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ብረቱ የጣት ያህል ሄደ። እትዬ ማርሽ ሰፈሩን ያናወጠ ጩኸት ጮኹ። ጎረቤቶች ዳግመኛ የወደቁ መስሏቸው በሩን በርግደው ገቡ።

"ምነው እትዬ? ወደቁ እንዴ?"

"አልወደቅሁም! ዞረች! ዞረች እኮ ነው የምላችሁ!"

እሁድ እሁድ ግቢው ሞቅ ይል ጀመር። ልጅ ሁሉ ግን የሚሠራው የለመደውን ነው። ሶፋ ሰፊዋ የፊት ወንበሮቹን ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ ደርባ፣ ቡናማ ቆዳ አልብሳ፣ አዝራር ደርድራ አመጣቻቸው። እትዬ ማርሽ ሲቀመጡ አናታቸው ጣሪያውን ነካ፣ እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የእንግዳ ሶፋ ነው። ፍሬኑን በምን ልርገጥ፣ በምላሴ?"

በያጁ ከት ብሎ ሳቀ። እህቱ ዞረችበት። "አንተ ደግሞ አትሳቅ! በርህን ክፈትና አሳየን!"

በያጁ የኋላ በሮቹ መንገድ ላይ እንዳይንኳኩ ብሎ ከነማጠፊያቸው ጥርቅም አድርጎ በይዷቸዋል።

"ይኸው፣ አይንኳኩም" አለ፣ በኩራት እየመታቸው።

"አይከፈቱምም!" አለች እህቱ።

ሁለቱ ተያይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እትዬ ማርሽ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የናንተ ድር እኔኑ ሊያስረኝ ነው" አሉ። በልባቸው ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ባላቸው ካረፈ ወዲህ ይህ ግቢ እንዲህ ያለ ሳቅ አልሰማም። ልጅቷ ወንበሩን እንድትቀንስ ብትለመን "ሥራዬን አላበላሽም" ብላ ድርቅ አለች። እልህ እንግዲህ በዘር ይተላለፋል። ስለዚህ በያጁ እግራቸው እንዲደርስ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ላይ ጣውላ ገጠመላቸው። እግረ መንገዱንም መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ተከለላቸው፤ ይህንን ማንም ሳያዘው ነው።

ትልቁስ? በመጀመሪያው እሁድ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመና ሊወድቅ፣ ሊፈነዳና ሊቃጠል የሚችለውን ሁሉ በጣቱ ሲያሳይ ዋለ። መሪውን ሲጠየቅ "ቫርኒሹ አልደረቀም" አለ። በሚቀጥለው እሁድ "ስንጥቁ ማጣበቂያ ይፈልጋል" አለ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱንም ተወ።

ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሳምንት ሞተሩ መኪናዋ ላይ ተገጠመ። አዲስ ባትሪ ገባ፣ ነዳጅ ተጨመረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ፤ እንደገና አስነጠሰና ያዘ። በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ጠቆረ። ማን ይቆጣ! እትዬ ማርሽ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ንዝረቱን እያዳመጡ ቆሙ። ከዚያ ቤት ገብተው ለትልቁ ልጅ ደወሉ።

"መሪውን አምጣ። የቀረን እሱ ነው።"

ትልቁ ልጅ "እማዬ፣ መሪው አልቋል" አለ። "እንዴት እንዳማረ ብታዪው! ግን አልሰጥሽም።"

"ምን አልክ?"

"ክረምቱ ደረሰ። እሁድ ካርቶን ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃሽን እንሸክፋለን። መሪውን የኔ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ማስታወሻ ይሆንሻል።"

ማስታወሻ! ለሰው በቁሙ ማስታወሻ ይሰቀልለታል?

"አንተ ልጅ" አሉ እትዬ ማርሽ፣ "እኔ ሞቻለሁ እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የምፈራው!" ብሎ ጮኸ ትልቁ ልጅ። "የወደቅሽ ዕለት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬን ዘግቼ። አንቺ ሲሚንቶ ላይ ተኝተሽ እኔ ስለማላውቀው ሰው ቤት ቃጠሎ አወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ እማዬ። ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ይወርዳል።"

እትዬ ማርሽ አዘኑለት። ልጃቸው ነው፣ ምን ያድርጉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥጋብ የመሰላቸው ነገር ለካ ፍርሃት ኖሯል። ግን ማዘን ሌላ፣ እሺ ማለት ሌላ ነው።

"ፍርሃትህ ገብቶኛል" አሉ። "እኔም ወድቄ ሳለሁ ፈርቻለሁ፤ ይኸው ነገርኩህ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሰው ሳሎን ውስጥ ተጎልቼ፣ ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ እየሰማሁ ቀኔን መጨረስ ነው። አንተ ስለፈራህ እኔ አልታሰርም!"

"ያለ መሪ የት ትሄጃለሽ?"

"እሱን ለኔ ተወው" ብለው ስልኩን ዘጉት።

እውነቱን ለመናገር የት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር። በያጁ የአሮጌ ዕቃ ሻጮችን ሱቅ ሁሉ አስሶ የሚገጥም መሪ አጣ። ሶፋ ሰፊዋ ወንድሟን ስልክ ደውላ ለመነችው፣ ከዚያም ሰደበችው። ወይ ፍንክች!

እሁድ ከሰዓት ትልቁ ልጅ በአንድ እጁ የታጠፈ ካርቶን፣ በሌላው መሪውን ይዞ መጣ። መሪውን ያመጣው ሊያሳያቸው ብቻ ነው፤ ሲያዩት የሚጽናኑ መስሎት። እውነትም አምሯል፤ እንጨቱ እንደ ማር ያበራል። ስንጥቁ የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። እናቴ ትለምነኛለች ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

"አምሯል" አሉ። "ያዘው።"

ከዚያ ወደ በያጁ ዞሩ። "ትንሹ፣ ያንን ብረት ነክሶ የሚይዘውን ትልቁን ፒንሳህን ስጠኝ።"

መሪው የሚገባበት ዘንግ ራቁቱን ቆሟል። እትዬ ማርሽ ፒንሳውን ዘንጉ ላይ አስነከሱ፣ ጥርቅም አድርገው ቆለፉት፣ ግራ ቀኝ ሞከሩት። የፊት ጎማዎቹ እያቃሰቱ ዞሩ። ሶፋ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"እማዬ፣ በፒንሳ?"

"እኔ ፍሬን ተበጥሶብኝ ጢም ያለ አውቶቡስ ይዤ ቁልቁለት ወርጃለሁ። ፒንሳ ብርቅ ነው? ግቡ!"

የኋላ በሮቹ ስለማይከፈቱ ሁለቱ ታናናሾች በፊት በር ገብተው በወንበሩ አናት ላይ ተንጠላጥለው ወደ ኋላ ተሻገሩ። በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ሳቀ። ሞተሩ ተነሳ። ይኼኔ ትልቁ ልጅ ካርቶኑን ወረወረና መሪውን እንደያዘ የግቢው በር መሀል ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"እማዬ፣ ውረጂ! አደጋ ነው! ኢንሹራንስ እንኳ የላትም!"

ኢንሹራንስ! ሌላው ሰው ሲጨንቀው እሪ ይላል፣ ወይ ያለቅሳል። ይሄ ልጅ ግን ሲጨንቀው የሚወጣው ይኸው ነው። እትዬ ማርሽ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ፒንሳውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ነዱ። ትልቁ ልጅ አልተንቀሳቀሰም። እሳቸውም አልቆሙም። ጉልበቱ ጋ ስንዝር ሲቀር ፍሬኑን ረገጡት፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። እናትና ልጅ በመስታወቱ ውስጥ ተፋጠጡ። ልጁ ፊቱ ላይ እንባ አለ።

እትዬ ማርሽ አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳፋሪ ባስደነገጡበት ድምፅ ጮኹ።

"ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ! በር ላይ አትቁም!"

ትልቁ ልጅ መሬት ላይ የተበተነውን ካርቶን አየ። እናቱን አየ። ከዚያ ዞሮ የፊተኛውን በር ከፈተና ገባ። አናቱ ጣሪያውን መታው። መሪውን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

መኪናዋ ጭሷን እየለቀቀች በሩን አለፈች፤ ጎረቤቱ አጨበጨበ። እትዬ ማርሽ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

"ወጥታለች ወይስ አልወጣችም?"

"ወጥታለች!" ብለው ጮኹ ከኋላ ሁለቱ ምስክሮች።

"አንተስ?"

ትልቁ ልጅ በመስኮቱ ወደ ኋላ አየ። "ወጥታለች" አለ ቀስ ብሎ።

ማዕዘኑ ላይ እትዬ ማርሽ ፒንሳውን ተጭነው ወደ ግራ ታጠፉ። ትልቁ ልጅም ሳያውቀው ጉልበቱ ላይ ያለውን መሪ ወደ ግራ አዞረው።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አለ።

"እኔ እንጃ። እስከ ዛሬ የመስመር ቁጥር ለጥፈውልኝ ነው የነዳሁት። ዛሬ ቁጥር የለኝም።"

ትንሽ እንደሄዱ ትልቁ ልጅ በድንገት ተቁነጠነጠ። "እማዬ፣ በሩን ሳንዘጋ ወጣን እኮ! ቤቱስ?"

"ቤቱ የትም አይሄድም" አሉ እትዬ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ እያስገቡ። "ስንመለስ እዚያው ታገኘዋለህ።"